ኮዱን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ቀኝ እጄ ግን ወሬውን ገና አልሰማም። ጠዋት ሱሪዬን ታጥቄ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ኪሴን ይዳስሳል። እዚያ ኪስ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል አንዲት የአውራ ጣት የምታህል ቁልፍ ነበረች። በር የምትከፍት አይደለችም፤ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ ጣት ሲነካት አረንጓዴ ብልጭ የምትል ናት። አሁን ኪሴ ውስጥ ያለው መሐረብና የባጃጅ ዝርዝር ብር ብቻ ነው። ባለቤቴ ስታየኝ «ዛሬም ጠፋብህ?» ብላ ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ።

ወልድያ ውስጥ «ደምሴ ኮምፒውተር» እባላለሁ። ቴሌቪዥኑ አልታይ ያለው፣ ስልኩ የተቆለፈበት፣ ፎቶው የተሰረዘበት ሁሉ በሬን ያንኳኳል። እምቢ ማለት ስለማልችል የማላውቀውንም እነካካለሁ። እውነተኛ ሥራዬ ግን ይህ አልነበረም። የገበሬው መሬት በማን ስም እንደሆነ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገቡን መጠበቅ ነበር፤ ድሮ በወረቀት፣ ኋላ በኮምፒውተር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ዘጠኝ ቀን ዝም ብዬ ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በእኔ ዝምታ ምክንያት እንጀራውን ሊያጣ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደወጣሁ፣ ወልድያ መዝገብ ቤት ውስጥ በታይፒስትነት ነው። በመጀመሪያ ደመወዜ ለእናቴ ነጠላ ገዛሁ፤ ስለ ደመወዝ አጥርቼ የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው። አለቃዬ ጋሽ መኮንን የሚባሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ክብ ማህተሙ በጠፍር ከቀበቷቸው ጋር ታስሮ ይውላል። ምሳ ሲወጡም አብሯቸው ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ «ማህተሙን ላኩልኝ» ብሎ ሰው ሲልክ፣ ማህተሙን አይልኩም፤ ራሳቸው ተነሥተው ይሄዳሉ። እኛ ወጣቶቹ ከኋላቸው እንስቅ ነበር። «ጋሽ መኮንን ማህተሙን ይዘው ነው የሚተኙት» እንል ነበር።

ወረቀት ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ይዘቱን አይደለም። ጣታቸውን ከላይ አድራሻው ላይ አድርገው «ለማን ነው የተጻፈው?» ይላሉ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ፊርማው ሁሉ የተሟላ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ጋሽ መኮንን አድራሻውን አይተው መለሱለት። ሰውዬው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ተናገረ። እሳቸው ውሃ አስመጡለትና «ጠጣ፤ ይሄ ግን ወደ እኛ የመጣ ወረቀት አይደለም» አሉት። ከሳምንት በኋላ ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑ ታወቀ። ጋሽ መኮንን ሐሰተኛነቱን ለይተው አልነበረም። አድራሻው ልክ ካልሆነ ማህተሙ አይነሳም፣ በቃ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲያስብ፣ በሳምንቱ ከየወረዳው የገባውን ሁሉ ሁለተኛ መዝገብ ላይ ይገለብጣሉ። ያ ሁለተኛ መዝገብ ከእኛ ክፍል አያድርም፤ ግቢው ጫፍ ላይ ካለው የእህል መጋዘን ክፍል ይቆለፍበታል። ሲሳሳቱ ደግሞ አይፍቁም፣ አይለጥፉም። ስህተቱ ላይ አንድ መስመር ያሰምሩና ኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ስህተቱ የእኔ ነው። መኮንን» ብለው ይፈርማሉ። እኔ የጻፍኩትን ስህተት እንኳ አንዳንዴ በራሳቸው ስም ይፈርሙበት ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእኔ ነው» ስላቸው «ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ» ይሉኛል።

ከወልድያ ውርጌሳ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ መርሳ ሰባት ዓመት ተመደብኩ። መርሳ ከዕድሜዬ ሁሉ ይበልጥብኛል። የጉባ ላፍቶ ደገኛ ስለሆንኩ ሙቀቱ መጀመሪያ ሊገድለኝ ነበር። በኋላ ግን የማንጎው ጥላ ቢሮው መስኮት ላይ ሲያርፍ ካላየሁ ሥራ የጀመርኩ አይመስለኝም። ገበያተኛው ሰላም ሳይለኝ አያልፍም፤ ሰላምታውም የሰው ብቻ ሳይሆን የከብቱም፣ የማሳውም ነው። የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ ሙስሊሞቹ ባልደረቦቼ ይወጣሉ፣ እኔ የአምስቱንም ጠረጴዛ እጠብቃለሁ። በእኔ በዓል ደግሞ እነሱ ይጠብቁልኛል። ማን ለማን ውለታ እንዳለበት ቆጥረነው አናውቅም።

የመጀመሪያዋ ኮምፒውተር የመጣችውም መርሳ እያለሁ ነው። ደሴ ሄጄ ሦስት ሳምንት ሠለጠንኩና አዋቂ ተባልኩ። መርሳን ልለቅ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ሰይድ ተቀጠረ። መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር በኮሌጅ የተማረ፣ ከእኔ በእጥፍ የሚያውቅ፣ ግን «ጋሼ፣ ያሳዩኝ» እያለ የሚያከብረኝ። ማሽኑ ሲቆምበት አምባሰል ያንጎራጉራል፤ ሲነሳለት ዝም ይላል። የመዝገቡን ሥራ እኔ አስተማርኩት፣ የኮምፒውተሩን እሱ አስተማረኝ። እኔ ወደ ወልድያ ስዛወር መርሳን ለእሱ ትቼለት ሄድኩ።

ክፉው የጦርነት ጊዜ መጥቶ ሲያልፍ ቢሮዎቻችን ባዶ ሆነው አገኘናቸው። ካቢኔው ተሰብሯል፣ ወረቀቱ ነድዷል። የተረፈው የመዝገቡ ቅጂ ያለበት፣ ባለቤቴ ዱቄት ውስጥ የደበቀችው ሃርድ ዲስክና ግቢው ጫፍ ላይ የነበሩት የጋሽ መኮንን ሁለተኛ መዝገቦች ነበሩ። ጋሽ መኮንን ያኔ በሕይወት የሉም። የዓርብ ልማዳቸውን እኔም ሳላቋርጥ ይዤው ነበርና መዝገቡ ዳነ። ብዙ ገበሬ የይዞታ ደብተሩ በእጁ ስላልነበረ የመሬቱ ማስረጃ ኮምፒውተራችን ውስጥ ያለው ስም ብቻ ሆነ።

ከዚያ መዝገቡን ከየትም የሚከፈት ሲስተም ላይ አወጣነው። ስም የመለወጥ ሙሉ ሥልጣን ያለን አድሚኖች ሁለት ነበርን፤ እኔ ወልድያ፣ ሰይድ መርሳ። ለመግባት የይለፍ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ስልክ ላይ ባለስድስት አኃዝ ኮድ ይላካል። ችግሩ መርሳ ቢሮ ውስጥ የሰይድ ስልክ ኔትወርክ ስለማይይዝ ኮዱ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ይደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ብልሃት አመጣሁ፤ የእኔ ብልሃት ነበር። የሰይድ ኮድ ወደ እኔ ስልክ እንዲመጣ አደረግሁ። ሰይድ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ያስገባል፣ ኮዱ እኔ ዘንድ ይደርሳል፣ በቢሮው የመስመር ስልክ ይደውልልኛል፣ አነብለታለሁ።

ያ ስልክ የቀኔ ማጣፈጫ ነበር። «አሰላሙ አለይኩም ጋሼ! እንዴት አደሩ? ልጆቹስ? ወልድያ ዘነበላችሁ?» ይላል። እኔም ስለ ልጆቹ፣ ስለ እናቱ ጉልበት፣ ስለ ማሽላው እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ኮዱ የሚነሣው። ድምፁን ስለማውቀው ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ሰው እያስገባ ሌላው እያነበበ፣ ሁለት ሆነን በር የምንጠብቅ መስሎን ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሰይድ እንደ ወትሮው ደወለ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ኮዱን አነበብኩለት። «አብሽር ጋሼ» ብሎ ዘጋ። ያልነገረኝ፣ እሱም ልብ ያላለው ነገር፣ የገባው በተለመደው መንገድ አለመሆኑን ነው። «አካውንትዎ ዛሬ ይዘጋል፤ እዚህ ገብተው ያድሱ» የሚል መልእክት በኢሜይል ደርሶት ነበር። ሊንኩን ሲነካ የተከፈተው ገጽ ቀለሙም ዓርማውም የእኛው ነው። ላይኛው አድራሻ ላይ ብቻ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። ሰይድ የይለፍ ቃሉን አስገባ፣ ኮዱን አስገባ፣ ገጹ «ይጠብቁ» አለና ቀረ። ኔትወርክ ነው ብሎ ተወው። ከገጹ ወዲያ ማዶ የነበረው ሌባ ግን ሁሉንም ተቀብሎ በዚያው ደቂቃ እውነተኛው ሲስተም ውስጥ ገባ።

ያወቅነው በሦስተኛው ቀን ነው። እማማ ዘይነባ የሚባሉ የሀብሩ ባልቴት የይዞታቸውን ቅጂ ሊወስዱ መርሳ መስኮት ላይ ቀረቡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከአስፋልቱ ዳር ያለች ማሳ አለቻቸው። ሰይድ ፈለገ፤ ማሳዋ አለች፣ የተመዘገበችው ግን በማያውቁት ሰው ስም ነው። ደጋግሞ ፈለገ። አሮጊቷ መስኮቱን ይዘው ጠበቁ፣ ጠበቁና «ልጄ፣ እኔ ሞቼ ነው?» አሉት። ሰይድ ይህንን ሲነግረኝ በስልክ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ስንመረምረው ከአስፋልቱ ዳር ያሉ ሰባት ማሳዎች ስማቸው ተለውጧል። የለወጠው አካውንት የሰይድ ነው።

ኃላፊያችን ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ ቆራጥ ሴት፣ በዚያው ቀን ሰይድን ከሥራ አገዱትና የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቋቋሙ። የቴክኒክ ሪፖርቱን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ጻፍኩ። «በሰይድ አካውንት፣ በሰይድ የይለፍ ቃልና በተላከ ኮድ ተገብቷል» አልኩ። ሐሰት የለበትም። «በተላከ ኮድ» አልኩ እንጂ ወደ ማን እንደተላከ አልጻፍኩም። ኮሚቴው የሰይድ ስልክ መስሎት አለፈው።

ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ልፈልግለት አልችልም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ከተማው «ደምሴ ኮምፒውተር» ይለኛል፣ ያንን ዝግጅት ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ነገ እናገራለሁ እያልኩ አደርኩ። የሰይድን የጽሑፍ መልስ ሳነብ ደግሞ ባሰብኝ። «ሐሰተኛ ገጽ መሆኑን ሳላውቅ ስሜን፣ የይለፍ ቃሌንና ኮዱን አስገብቻለሁ» ይላል። ኮዱን ማን እንደሰጠው አንዲት ቃል የለም። የእኔ ስም የለም። ይሉኝታ ይዞት፣ አስተማሪዬ ነው ብሎ፣ ሸፈነኝ አልኩ። እፎይ ማለቴን አልደብቅም፤ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያ እፎይታ ነው።

በመካከሉ አንድ ቀን ደወለልኝ። «አሰላሙ አለይኩም ጋሼ» አለ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። ከዚያ ድሮ ኮዱን የማነብበት ቦታ ላይ ደረስን። «በሉ እንግዲህ፣ ሰላም ይዋሉ» ብሎ ዘጋ። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ኮሚቴው ከሰዓት ሊሰበሰብ፣ ጠዋት የእማማ ዘይነባን የድሮ ምዝገባ ለማመሳከር የጋሽ መኮንንን ሁለተኛ መዝገብ አወጣሁ። የባላቸውን ስም፣ የማሳዋን አዋሳኞች አገኘሁ። ከእሱ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ አንድ ስም ተሰርዟል፤ የተሰረዘው የእኔ የጥንት የእጅ ጽሑፍ ነው። ኅዳጉ ላይ በቀይ «ስህተቱ የእኔ ነው። መኮንን» ይላል። ስለ እኔ የፈረሙት ነው። መዝገቡን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ስብሰባው ሄድኩ።

ሰይድ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። ጸሐፊው የውሳኔ ሐሳቡን አነበበ፤ ከሥራ ይሰናበት ይላል። ወይዘሮ አልጋነሽ «ሌላ አስተያየት ያለው አለ?» ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«ኮዱን ያነበብኩለት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሽ ደምሴ?»

«የሰይድ ኮድ የሚመጣው ወደ እኔ ስልክ ነው። እንዲመጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለትም በስልክ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ምን ላይ እንደሚያስገባው አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ሪፖርትዎ ላይ ለምን አልጻፉትም?»

«ፈርቼ ነው።»

ወይዘሮ አልጋነሽ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠለቁ። ቁጣውን ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን «ይሄን ለማለት ዘጠኝ ቀን ፈጀብዎ» ብቻ አሉኝ፤ እሱ ከቁጣ ባሰብኝ። በመጨረሻ ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፣ እኔ ከቡድን መሪነት ወረድኩ፣ ሰይድ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰባቱ ማሳዎች ከዓርቡ ቅጂና ከድሮው መዝገብ ተመሳክረው ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። የለወጣቸው ማን እንደሆነ ጉዳዩን የያዙት ሰዎች እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

የእማማ ዘይነባን ቅጂ ራሴ መርሳ ድረስ ይዤላቸው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ሦስት ጁምዓ እንቅልፍ ነሥታችሁኛል» አሉኝ። ከዚያ «ዳግም እንዳይነካ አርጋችሁ ዝጉታ! እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ በምን እጠብቀዋለሁ?» አሉ። ይቅር ብያለሁ አላሉኝም፤ ሥራ ነው የሰጡኝ።

ወይዘሮ አልጋነሽ የአድሚኖቹ መግቢያ በምን እንደሚጠበቅ አጥንተን እንድናቀርብ ሰይድንና እኔን አብረው መደቡን። ከአርባ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ሁለት ወር የሠራሁበት ጊዜ የለም። አንድ የኮሚቴ አባል «ኮዱን በመልእክት ከመላክ እዚያው ስልኩ ላይ የሚያወጣ መተግበሪያ አለ፤ ኔትወርክ አይፈልግም» አለ። እውነቱን ነው፤ የመርሳን ኔትወርክ ችግር ይፈታል። ግን ያም ቢሆን ኮድ ነው። ሰው አይቶ የሚያነበውን ቁጥር ሐሰተኛ ገጽ ላይም ያስገባዋል። ሌላው አማራጭ ስልክ ላይ «አንተ ነህ?» የሚል ጥያቄ መጥቶ «አዎ» የሚባልበት ነበር። እሱን በራሴ ላይ ሞከርነው። ሰይድ ሥራ ይዤ እያለሁ ሳይነግረኝ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ላከብኝ። ሁለቱን ከለከልኩ፤ በሦስተኛው ሰው እያነጋገርኩ ነበርና እንዲተወኝ ብዬ «አዎ» አልኩት። ሰይድ ከወዲያ ክፍል «ጋሼ፣ ገባሁብዎ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ነው ወደ ቁልፏ የመጣነው። ቁልፏ መጀመሪያ ስትመዘገብ የትኛው ሲስተም እንደመዘገባት ከነአድራሻው ይያዛል። በኋላ ስንገባ ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ገጽ አድራሻ ለቁልፏ ያቀርብላታል፤ አድራሻው የተመዘገበችበት ካልሆነ መልስ አትሰጥም። የሚነበብ ቁጥር የለም፣ በስልክ የሚነገር ነገር የለም። ሰይድ ይህን ሲያስረዳኝ «አድራሻውን አይታ ነው?» አልኩት። «አድራሻውን አይታ ነው።» ጋሽ መኮንን ከነጠፍራቸው ትዝ አሉኝና ሳቄ መጣ። ለሰይድ ነገርኩት። እሱም «ታዲያ ምን አደከመን፣ እሳቸውን ልንገዛ ነዋ!» አለ።

ሁለት ቁልፍ ለሙከራ አስመጣን። ሰይድ አንዲት ፊደል የተለወጠችበት የውሸት ገጽ ራሱ ሠራ። ወይዘሮ አልጋነሽ ፊት ሞከርነው። የይለፍ ቃሉን ተቀበለ። በድሮው መንገድ ኮድ አስገባን፤ ተቀበለ። ወይዘሮ አልጋነሽ ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ ሰይድ ቁልፏን ሰክቶ ነካት። ምንም። ደግሞ ነካት። «አላውቅህም» እንደማለት የሚመስል ጽሑፍ መጣ። በሦስተኛው ሰይድ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና «ያ አላህ፣ እምቢ አለች! እኔን እንኳ እምቢ አለችኝ!» አለ። ተሳስቶ ሐሰተኛ ገጽ ውስጥ ቢገባ እንኳ አብራው እንደማትሳሳት በዓይኑ አየ።

ምርጫውን ጨረስን ብዬ ሳስብ የገዛ ልማዴ ሊጥለኝ ነበር። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ቁልፍ ለጠፋበት በስልክ ኮድ ይላካል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰው እንዳይቸገር ብዬ። ሰይድ ረቂቁን አነበበና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሌባው ቁልፍ ጠፋብኝ ቢልስ?»

መስመሩን ሰረዝኩትና ኅዳጉ ላይ ስሜን ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ አድሚን ሁለት ሁለት ቁልፍ ተመዘገበ፤ አንዱ ኪሱ ውስጥ፣ ሌላው ታሽጎ ወልድያ ካዝና ውስጥ። ቁልፍ የጠፋበት በአካል መጥቶ፣ ሁለት ሰው ፊቱን አይቶ፣ ፈርሞ ይወስዳል። በስልክ የሚሆን ነገር የለም። የድሮው ኮድም ከአድሚኖቹ መግቢያ ተነቀለ።

ቢሮው ቁልፏን «ፍላሽ» ነው የሚላት። ወይዘሮ አልጋነሽ ራሳቸው «ዘፈን ትይዛለች?» ብለው ጠይቀውኛል። ሰይድ ከተሰጠችው ወር ሳይሞላ መርሳ ባጃጅ ውስጥ ጣላት። ደወለልኝ፤ ሰላምታውን እንኳ አሳጠረው። የአንድ ገበሬ ጉዳይ ለዛሬ ነው፣ አንዴ ብቻ በሌላ መንገድ ያስገቡኝ አለኝ።

«አይሆንም፤ ና» አልኩት።

«ድምፄን አያውቁትም ጋሼ?»

«ከልጆቼ ድምፅ እኩል አውቀዋለሁ። ና።»

በሚኒባስ መጣ፤ አቧራ ለብሶ፣ አኩርፎ። ፊቱን አየን፣ አስፈረምነው፣ የጠፋችውን ሰርዘን የታሸገችውን ሰጠነው። ምሳ ጋበዝኩት፤ ሽሮውን በልቶ እስኪጨርስ አላናገረኝም። ከዓመት በኋላ ያው መልእክት፣ «አካውንትዎ ዛሬ ይዘጋል» የሚለው፣ ለሁላችንም መጣ። ከእኛ ቢሮ አንዱ ጀማሪ ሠራተኛ ከፍቶት ነበር፤ ሰይድም ቸኩሎ ከፍቶት ነበር። የይለፍ ቃሉን አስገባ፤ ቁልፏ እምቢ አለች። አድራሻውን ቀና ብሎ አየና ደወለልኝ። ማንም ስሙን አልተነጠቀም።

የጡረታዬ ሳምንት ሰይድ ወልድያ ተዛውሮ የእኔን ቦታ ሊረከብ መጣ። ንብረቱን አስረከብኩ፣ ክሊራንሱን አስፈረምኩ። በመጨረሻ ከአድሚኖች ዝርዝር እኔን ማውጣት ነበረበት። የእሱን ቁልፍ ሰክቶ ገባ፤ የእኔ ስም ከላይ ነበር።

«ላጥፋው ጋሼ?»

«አጥፋው።»

ነካ። ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ። ሁለታችንም ስክሪኑን አየን። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ያኔ ካልጠየቅኩት መቼም አልጠይቀውም።

«ሰይድ፣ ያኔ መልስህን ስትጽፍ ስሜን ለምን ተውከው?»

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አልተውኩትም እኮ ጋሼ።»

«ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ስሜ የለበትም።»

«ወረቀቱ ሁለት ነበር» አለ። «ራስዎ እንዲናገሩት ብዬ ስምዎ የሌለበትን አስቀድሜ ሰጠሁ። ሁለተኛውን ኪሴ ይዤ ነው ስብሰባው የገባሁት። ስምዎ፣ ሰዓቱ፣ የደወልኩበት ስልክ፣ ሁሉም አለበት። እጅዎን ባያወጡ፣ ወላሂ፣ ተነሥቼ እሰጣቸው ነበር።» ዓይኔን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ላድርግ ጋሼ? ሦስት ልጅ ይዤ ለይሉኝታ ብዬ ልባረር? ተቀየሙኝ?»

የሰይድን ልጆች ባየሁ ቁጥር፣ ዝም ብል ኖሮ ይህ ሰው ስለ እኔ ብሎ ይጠፋ ነበር እያልኩ ስሸማቀቅ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት። አይጠፋም ነበር። ተነሥቼ አንገቱን አቅፌ ሳምኩት።

«እንኳን ይዘኸው ገባህ» አልኩት። «እንኳን ይዘኸው ገባህ፣ ልጄ።»